ወጣት ሚስዮናዊ በማያውቀው ትልቅ ከተማ፦ ከዝግጅት እስከ ስድስተኛው ወር

ከተማው በገቡ በሳምንቱ አገልግሎት የሚጀምሩ ወጣቶች አሉ። በሁለተኛው ወር ከአልጋ መነሳት ያቅታቸዋል። መንገዱን አያውቁም፣ ኪራዩ ከበጀታቸው በልጧል፣ ከአገልግሎት ጓደኛቸው ጋር ተኮራርፈዋል፣ እንቅልፍ የላቸውም። ከዚያ «ጸሎቴ ስለደከመ ነው» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። መኖር ሳይለምዱ ማገልገል ጀመሩ።

ይህ መመሪያ ከገጠር ወደ ከተማ ለተላከም፣ ባሕር ተሻግሮ ለሚሄድም ያገለግላል። ደረጃዎቹን አትዝለሉ። አንዱ ካልተሳካ ወደሚቀጥለው አትለፉ፤ በየደረጃው ሥር ያለውን «ካልሆነስ?» አንብቡ።

## ደረጃ 1፦ ሳትነሱ የሚያልቅ ሥራ

ከጉዞው ቢያንስ 6 ሳምንት በፊት ጀምሩ።

ሕግ

1. የቪዛችሁን ዓይነት ራሳችሁ አንብቡ። ለጎብኚ በተሰጠ ቪዛ ገብቶ ሃይማኖታዊ ሥራ መሥራት በብዙ አገሮች ጥፋት ነው። «የላከችን ቤተ ክርስቲያን ጨርሳዋለች» ብላችሁ አትለፉት። ድንበር ላይ የሚጠየቀው ፓስፖርቱን የያዘው ሰው ነው።
2. ስለ ስብከት የተጻፈውን ሕግ አጣሩ። ሩሲያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ በሃይማኖት ድርጅት ስም የሚሰብክ ሰው የድርጅቱን የውክልና ወረቀት መያዝ አለበት። የኔፓል ሕገ መንግሥት ሰውን ከሃይማኖቱ ማስለወጥን ይከለክላል። ሌላ ቦታ ደግሞ ስብከቱ ነጻ ሆኖ፣ ድምፅ ማጉያው ወይም በአደባባይ ወረቀት ማደሉ ፈቃድ ሊፈልግ ይችላል።
3. ፓስፖርታችሁ ከምትደርሱበት ቀን አንስቶ ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው ይሁን። ብዙ አገሮች ከዚያ ያነሰውን አይቀበሉም። የፓስፖርቱን፣ የቪዛውንና የኢንሹራንሱን ኮፒ ሦስት ቦታ አስቀምጡ፦ ሻንጣ ውስጥ፣ ኢሜይል ላይ፣ ከሚቀር የቅርብ ሰው ዘንድ።

ጤና

ጥርሳችሁን ታዩ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ኢንሹራንሱ ጥርስ የማይሸፍን ከሆነ ግን አንድ የታመመ ጥርስ የወር በጀት ይበላል። በየቀኑ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ቢያንስ የአንድ ወሩን በእጅ ሻንጣ ያዙ፤ ከነማሸጊያውና ከሐኪም ወረቀቱ ጋር። ከንግድ ስሙ ሌላ የመድኃኒቱን ዋና ስምም ጻፉ፤ የንግድ ስም ከአገር አገር ይለያያል። አንዳንድ የሕመም ማስታገሻና የእንቅልፍ መድኃኒት በሌላ አገር ክልክል ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ከላኪዎቻችሁ ጋር

ሽኝቱ ላይ ሁሉም እጁን ይጭናል፣ ሁሉም ያለቅሳል። ደስ ይላል። በቃል የተባለ ነገር ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከሽኝቱ በፊት ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ተቀበሉ፦

- ብንታመም ማን ይከፍላል?
- ድጋፉ በየወሩ በስንተኛው ቀን ይደርሳል? ቢዘገይስ?
- እዚያ ካለው አስተባባሪ ጋር ካልተስማማን ለማን እንደውላለን?
- በምን ሁኔታ እንመለሳለን? ትኬቱን ማን ይቆርጣል?

«እግዚአብሔር ያውቃል» ከተባላችሁ ጥያቄውን በትሕትና ድገሙት። እሱ እንደሚያውቅ አልተጠራጠራችሁም፤ የጠየቃችሁት የሒሳብ ሹሙን ስልክ ነው።

ገንዘብ

የመጀመሪያው ወር ከሌሎቹ ሁሉ ውድ ነው። የቤት ማስያዣ፣ የኪራይ ቅድሚያ ክፍያ፣ አንሶላ፣ ድስት፣ የትራንስፖርት ካርድ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ክፍያ በአንድ ላይ ይወርዳል። የሦስት ወር መጠባበቂያ ሳትይዙ አትነሱ። የመመለሻ ትኬቱ ገንዘብ ከዚህ ለብቻው ይቀመጥ፤ ለምንም ነገር አይነካ።

ካልሆነስ? መጠባበቂያው ካልሞላ ጉዞውን አራዝሙ። ቀኑ ስለተነገረና ኬክ ስለታዘዘ ብቻ አትሂዱ።

## ደረጃ 2፦ የመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት

በእነዚህ ሦስት ቀናት ምንም ትልቅ ነገር አትወስኑ። ቤት አትከራዩ፣ ውል አትፈርሙ፣ ለማንም ቃል አትግቡ። ስብከትም ይቆይ።

1. ከተቻለ በቀን ብርሃን ድረሱ።
2. የምታርፉበትን አድራሻ በከተማው ቋንቋና ፊደል ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል።
3. የሚቀበላችሁን ሰው ስም፣ ፎቶና ስልክ አስቀድማችሁ ተቀበሉ።
4. እንደደረሳችሁ ለላኪዎቻችሁና ለቤተሰብ አጭር መልእክት ላኩ። ረጅሙ ወሬ ነገ ይደርሳል።
5. ሲም ካርድ አውጡ። ካርታውን በስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚያድናችሁ እሱ ነው።
6. የድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩን በቃላችሁ ያዙ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በአሜሪካና በካናዳ 911 ነው። ሌላ አገር ከሆነ ማረፊያ ቤታችሁን ጠይቁ።
7. የነዋሪነት ምዝገባ ግዴታ ካለ ቀኑን አጣሩ። ቻይና ውስጥ ሆቴል ያላረፈ የውጭ ዜጋ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት። ጀርመን ውስጥ ቤት ከገባችሁ በኋላ ሁለት ሳምንት አላችሁ። ይህን የሚረሳ ሰው መኖሪያ ፈቃድ ሲያወጣ ይታሰራል፤ እስር ቤት ማለቴ አይደለም፣ ወረቀቱ ይታሰርበታል።

እንቅልፍ። የሰዓት ልዩነት ካለ ሰውነት በግምት ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ቀን ይፈልጋል። የሰባት ሰዓት ልዩነት ማለት ሳምንት ያህል መደንዘዝ ነው። ቀን ውጭ ውጡ፣ ብርሃን ይንካችሁ። ከሰዓት በኋላ ረጅም እንቅልፍ አትተኙ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይናችሁ ቢፈጥ ስልክ አትክፈቱ።

የሚቀበላችሁ ሰው ካልመጣስ? ከአውሮፕላን ማረፊያው ወይም ከመናኸሪያው ሕንፃ አትውጡ። ደውሉ፣ አንድ ሰዓት ጠብቁ። «ልውሰዳችሁ» እያለ ከተጠጋችሁ ሰው ጋር አትሂዱ፤ ቋንቋችሁን ቢናገርም፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ቢጠቅስም። የመረጃ ጠረጴዛ ወይም ሕጋዊው የታክሲ መቆሚያ የት እንደሆነ ጠይቁና ወረቀት ላይ ወደጻፋችሁት አድራሻ ሂዱ።

## ደረጃ 3፦ ከተማውን ተዉት፣ አንድ ሰፈር ልመዱ

ሰው የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። ሚሊዮኖች የሚኖሩበት ከተማ ውስጥ ገብቶ ሁሉንም ለማወቅ የሚሮጥ ሰው ምንም ሳያውቅ ይደክማል። ከተማውን ማንም አያውቀውም። እዚያው ተወልዶ ያረጀውም ቢሆን የሚያውቀው ሁለት ሦስት ሰፈር ነው።

ከቤታችሁ በእግር 15 ደቂቃ የሚያስኬደውን ክብ ያዙ። ለሁለት ሳምንት ዓለማችሁ ያ ክብ ይሁን።

1. በየቀኑ በእግር ዙሩ። ጆሮ ማዳመጫ አታድርጉ። ጠዋት፣ ቀትር ላይና ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ሰፈሩ የተለያየ ነው፤ ሦስቱንም እዩ።
2. እነዚህን በዓይናችሁ አግኙ፦ ክሊኒክ፣ መድኃኒት ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ የምግብ መደብር፣ የቅርቡ ፌርማታ፣ ሌሊት ክፍት የሆነ ቦታ።
3. በነጻ ተቀምጣችሁ መጸለይና ማንበብ የምትችሉበት አንድ ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጉ። መናፈሻ ወይም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሊሆን ይችላል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሌላ ሰው ጋር ለሚኖር ሰው ይህ የግድ ነው። የጽሞና ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው ቦታ በማጣት ነው።
4. ዕቃ የምትገዙበት ሱቅ አንድ ይሁን፤ የምትሄዱበት ሰዓትም አይለዋወጥ። በአራተኛው አምስተኛው ቀን ባለሱቁ ያውቃችኋል። ከተማው ውስጥ የመጀመሪያው የሚያውቃችሁ ሰው እሱ ሊሆን ይችላል።
5. በእጃችሁ ካርታ ሳሉ። ማማር የለበትም፤ ቢጣመምም ይሠራል።

ጳውሎስ አቴና ሲገባ ያደረገውን እዩ። ከተማውን እየተዘዋወረ ተመለከተ። በአርዮስፋጎስ የተናገረው ንግግር የተነሳው አንድ መሠዊያ ላይ ካነበበው ጽሕፈት ነው (የሐዋርያት ሥራ 17፥23)። በእግሩ ባይዞር ኖሮ ያንን አያገኘውም ነበር።

ፈተናው፦ ስልካችሁን ዘግታችሁ ከክቡ ጫፍ ወደ ቤት ተመለሱ። ከሁለት የተለያየ አቅጣጫ ከቻላችሁ ደረጃ 3 አልቋል። ካልቻላችሁ ሌላ ሳምንት ጨምሩ።

ቤት ስትከራዩ

ከተቀባዮቻችሁ ዘንድ አርፋችሁ ከሆነ ብዙ አትቆዩ። እንግዳ ወርቅ ነው፣ ሰንበት ሲል ብር ይሆናል፣ ሲብስ ብረት። ነገር ግን በችኮላም አትውጡ።

- ቤቱን ሳታዩ ሳንቲም አትላኩ። «አከራዩ ውጭ አገር ነው፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ» የሚል ማስታወቂያ ሌባ ነው።
- ቤቱን ሁለት ጊዜ እዩ፤ አንዱ ከመሸ በኋላ ይሁን። ቀን ጸጥ ያለው መንገድ ማታ የሙዚቃ ቤት ሊሆን ይችላል።
- የማታነቡትን ውል አትፈርሙ። ከአጥቢያው አንድ ሰው ያንብብላችሁ።
- ከመግባታችሁ በፊት የግድግዳውን፣ የመስኮቱን፣ የምድጃውን ፎቶ አንሱ። ማስያዣው የሚመለሰው በዚህ ነው።
- በጋዝ ወይም በከሰል የሚሞቅ ክፍል ከሆነ የአየር መውጫውን አትድፈኑ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በእንቅልፍ ውስጥ ይገድላል። ጠቋሚ መሣሪያ ግዙ። ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራቸው ወዲያው ውጭ ውጡና ለድንገተኛ ጥሪ ደውሉ።

አንዴ ከገባችሁ ቤት አትቀያይሩ። «ከቤት ወደ ቤት አትተላለፉ» የሚለው ትእዛዝ (ሉቃስ 10፥7) ለከተማ ሰውም ይሠራል። ቤት በቀየራችሁ ቁጥር ሰፈሩን እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

## ደረጃ 4፦ ትራንስፖርት

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከክቡ ውጡ። አንድ መስመር ብቻ በአንድ ጊዜ።

1. ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን መስመር መጀመሪያ ልመዱ። እሁድ ጠዋት አትሞክሩት፤ በአዘቦት ቀን፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሂዳችሁ ተመለሱ።
2. በምድር ውስጥ ባቡር ላይ የመስመሩን የመጨረሻ ጣቢያ ስም ያዙ። በብዙ ከተሞች አቅጣጫው የሚጻፈው በዚያ ስም ነው። ቀለም ወይም ቁጥር ብቻ ይዞ የገባ ሰው በተቃራኒው አቅጣጫ ይሄዳል።
3. የመውጫውን ቁጥር ወይም ስም ጻፉ። ትልልቅ ጣቢያዎች ብዙ መውጫ አላቸው። የተሳሳተው በር ሰፊ መንገድ ማዶ ያወጣችኋል።
4. የመጨረሻው ባቡር ወይም አውቶቡስ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያልፍ ጽፋችሁ ቦርሳ ውስጥ አድርጉ። የእሁዱ ከአዘቦቱ ይለያል።
5. ትኬት ወይም ካርድ ሳታስመዘግቡ አትግቡ። «አላወቅሁም» የሚል ሰበብ ተቆጣጣሪ ዘንድ አይሠራም።
6. የአካባቢውን ሰው ቅዱ። በየትኛው ወገን ይቆማል? ይጮኻል ወይስ በሹክሹክታ ያወራል? መጀመሪያ የሚወርደውን ያሳልፋል? እናንተም እንደዚያ።

ማስጠንቀቂያ፦ የመጀመሪያ ወራት ላይ ባቡር ውስጥ አትስበኩ። መውጫ የሌለው ሰው አድማጭ አይባልም።

ከጠፋችሁስ? ቁሙ። እየተራመዱ መፈለግ ይበልጥ ያጠፋል። ሰው ያለበት ብርሃን ያለው ቦታ ግቡ፤ ሱቅ ወይም ጣቢያ። ስልክ መሃል መንገድ ላይ ከፍታችሁ አትፍጠጡ፤ ግድግዳ ተጠግታችሁ እዩ። ጥያቄ ስትጠይቁ «እዚህ እንዴት እደርሳለሁ?» ከማለት «ይህ ጣቢያ በየት በኩል ነው?» በሉ። ሰው ረጅም መንገድ ሲያስረዳ እናንተም አትይዙትም፣ እሱም ይሰለቻል። ከመሸና ምንም ካልገባችሁ ለሕጋዊ ታክሲ ክፈሉ። ለዚሁ የሚሆን ገንዘብ ሁልጊዜ ከስልኩ ሽፋን ጀርባ ይኑር።

## ደረጃ 5፦ ገንዘብና ሌባ

የወሩን ገንዘብ በአራት ፖስታ ክፈሉት፤ ለየሳምንቱ አንድ። የሳምንቱ ካለቀ ከሚቀጥለው አትበደሩ። ያወጣችሁትን ማታ ማታ ጻፉ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ከተማው በእውነት ስንት እንደሚያስወጣ ታውቃላችሁ፤ ለላኪዎች የምትልኩት በጀት ያ ነው። አገር ቤት ተቀምጦ የተገመተውን ይተካዋል።

ገንዘብ ለሚለምን ሰው ምን እንደምታደርጉ ከቤት ሳትወጡ ወስኑ። በቀን ስንት? በገንዘብ ወይስ በምግብ? መንገድ ላይ ሰው ፊት ቆሞ መወሰን ከባድ ነው። ወይ ያላችሁን ሁሉ ትሰጣላችሁ፣ ወይ ልባችሁን ታደነድናላችሁ። ለአገልግሎት የምትቀርቡትን ሰው ደግሞ ገንዘብ አታበድሩ። ችግሩ እውነተኛ ከሆነ በአጥቢያው ዲያቆናት በኩል ይታገዝ።

ከተማ ውስጥ ደጋግማችሁ የምታገኟቸው ማታለያዎች፦

- ልብሳችሁ ላይ አንድ ነገር ያፈስሳል፣ «ይቅርታ» እያለ ይጠርጋል፣ ጓደኛው ኪስ ያወልቃል። አታስጠርጉ፤ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።
- ሲቪል የለበሰ «ፖሊስ» ቦርሳችሁን ሊያይ ይፈልጋል። መታወቂያውን ጠይቁ፤ «ጣቢያ ሄደን እንነጋገር» በሉ።
- ኤቲኤም ላይ «ላግዛችሁ» የሚል። የጀመራችሁትን ሰርዛችሁ ካርዱን አውጡ።
- «እኔም አማኝ ነኝ፣ ሻንጣዬ ተሰርቆ ነው» የሚል። ይህ ለእናንተ ዓይነት ሰው ተለክቶ የተሰፋ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ጋብዙት። የምሩን ከሆነ ይመጣል።

ከተዘረፋችሁስ? ስጡ። ስልክ ይተካል። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል፦ ደህና ቦታ ግቡ፣ የባንክ ካርዱን አዘጉ፣ ሲሙን አዘጉ፣ ፖሊስ ዘንድ ማስረጃ አውጡ፣ ለአስተባባሪያችሁ ንገሩ። ፓስፖርት ከጠፋ ኤምባሲ ከመሄዳችሁ በፊት የፖሊሱን ወረቀት ያዙ፤ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

## ደረጃ 6፦ ቋንቋ

ቋንቋውን የምትችሉ ከሆነ ይህን አሳጥሩት፤ ያም ሆኖ የከተማው አነጋገር የተለየ ነው።

1. በቀን ጥቂት ዐረፍተ ነገር ብቻ ያዙ። ሰላምታ፣ ስማችሁ፣ «ቋንቋችሁን እየተማርኩ ነው»፣ «ከዚህ በላይ አላውቅም»፣ «ደህና ዋሉ»።
2. ያንኑ ቀኑን ሙሉ ለተለያዩ ሰዎች ተናገሩ። ለባለሱቁ፣ ለጥበቃው፣ ለጎረቤት ሕጻን። ነገ ሌላ ጨምሩ።
3. ስታስቁ አብራችሁ ሳቁ። የሚያርማችሁ ሰው ወዳጅ ነው፤ አመስግኑት።
4. ማታ የሰማችሁትንና ያልገባችሁን አንድ ቃል ለአንድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ቋንቋ መማር አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት ያለ መጠበቂያ ክፍል አይደለም። ሰው የሚቀርባችሁ እዚህ ላይ ነው፤ እሱ አስተማሪ፣ እናንተ ተማሪ ስትሆኑ።

ካልገባችሁስ? የአገራችሁ ሰዎች በሚሰበሰቡበት ቦታ በሳምንት ስንት ማታ እንደምታሳልፉ ቁጠሩ። ናፍቆቱን ያስታግሳል፣ ግን ቋንቋውን ያስረሳል። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል።

## ደረጃ 7፦ አብሮ መኖር

ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ላከ። አብሮ መላክ በረከት ነው፣ አብሮ መኖር ደግሞ ሥራ ነው። ጳውሎስና በርናባስ እንኳ በአንድ ሰው ጉዳይ ተለያይተዋል (የሐዋርያት ሥራ 15፥39)። እናንተ በዕቃ ማጠብ ብትጣሉ አትደንግጡ።

በመጀመሪያው ሳምንት ቁጭ ብላችሁ እነዚህን ተስማሙ፦ ማን ያበስላል? መቼ መብራት ይጠፋል? ስልክ በድምፅ የት ይወራል? ወጪ እንዴት ይካፈላል? ቤት እንግዳ መቼ ይመጣል? ለብቻ የመሆን ሰዓት መቼ ነው? የመጨረሻዋን አትናቁ።

በሳምንት አንዴ፣ በተወሰነ ቀን፣ «በዚህ ሳምንት ምን አስቸገረህ?» ተባባሉ። ሌላው መልስ አይሰጥም፤ ይሰማል። ከዚያ ተራው ይቀየራል። ቂም በሳምንት ውስጥ ከወጣ ትንሽ ነው።

ከአጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን ጋር ያለው ነገር ቀላል ነው፦ አንድ ምረጡ፣ በየሳምንቱ ተገኙ፣ ወንበር ሰብስቡ፣ ተዘዋዋሪ አትሁኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፓስፖርታችሁን «እንዲያዝላችሁ» ለማንም አትስጡ፤ ለአስተባባሪም፣ ለመጋቢም፣ ለአሠሪም። ሰነዱ የእናንተ ነው። አልመልስም ካለ ለላኪዎቻችሁና ለኤምባሲያችሁ ወዲያው ንገሩ።

## ደረጃ 8፦ የሚከብደው ወቅት

ካሌርቮ ኦበርግ የሚባል አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው ጽሑፍ አዲስ ባህል ውስጥ የገባ ሰው የሚያልፍባቸውን ወቅቶች ገልጿል፦ መደነቅ፣ መከፋት፣ መላመድ፣ መደላደል። ለሁሉም ሰው በዚሁ ልክ አይመጣም። ሁለተኛው ግን ብዙዎችን ያገኛል፤ አዲስነቱ ሲያልቅ፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት ውስጥ።

ምልክቶቹን እወቋቸው። የከተማው ሰው ሁሉ ክፉ ይመስላችኋል። አገር ቤት ያለው ሁሉ ያማረ ይሆናል። በትንሽ ነገር ትቆጣላችሁ። ከቤት ላለመውጣት ሰበብ ትፈጥራላችሁ። ጸሎት ይደርቃል። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ትውላላችሁ።

ኤልያስ ሞትን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም። አበላው፣ አጠጣው፣ ተመልሶ ተኛ፣ ደግሞ አበላው (1ኛ ነገሥት 19)። ጥያቄው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተም ከሥጋ ጀምሩ፦

1. ለአንድ ሳምንት የመኝታና የመነሻ ሰዓት አትለውጡ።
2. በቀን ሁለት ጊዜ የሞቀ ነገር ብሉ። ዳቦ እየቆረሱ መዋል ምግብ አይደለም።
3. በቀን 30 ደቂቃ በብርሃን ተራመዱ። ክረምቱ ጨለማ በሆነበት ከተማ ቀትር ላይ ውጡ።
4. በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት ያዙ። ዕረፍት ማለት ሪፖርት መጻፍ አይደለም።
5. ወደ ቤት የምትደውሉበት ቀን ይወሰን። በቀን ሦስት ጊዜ የሚደውል ሰው አካሉ ከተማው ውስጥ ሆኖ ኑሮው አገር ቤት ነው። ጨርሶ መጥፋትም ጥፋት ነው።
6. ከአጥቢያችሁ ውጭ ያለ፣ አለቃችሁ ያልሆነ አንድ የሚሰማችሁ ሰው አግኙ።

የጸሎት ደብዳቤ ስትጽፉ ሁሉም ነገር ድል አይሁን። ለሁሉም የሚላክ አንድ ደብዳቤ ጻፉ፤ ለሁለት ለምታምኗቸው ሰዎች ደግሞ እውነቱን ሁሉ። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በድካምና በፍርሃት፣ በብዙ መንቀጥቀጥም እነሱ ዘንድ እንደ ነበረ ጽፏል (1ኛ ቆሮንቶስ 2፥3)። እሱ ካላፈረበት እናንተ ለምን ታፍራላችሁ?

ካልተሻለስ? ሐዘኑ፣ የእንቅልፍ ማጣቱ ወይም የምግብ ፍላጎት መጥፋቱ ያለማቋረጥ ሁለት ሳምንት ካለፈው ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጸልዩም፣ ታከሙም፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ አንድ ሌሊት አታሳድሩት። የዚያኑ ሰዓት ለድንገተኛ ጥሪ ደውሉ፣ ለጓደኛችሁ ንገሩ፣ ብቻችሁን አትደሩ። ጓደኛችሁ እንዲህ ካላችሁ «ጠንከር በል» አትበሉት፤ አብራችሁት ሂዱ።

## ደረጃ 9፦ አገልግሎት መጀመር

ሰፈሩን ካወቃችሁ፣ መስመሩን ካወቃችሁ፣ ገንዘቡ ከተስተካከለ፣ እንቅልፍ ካላችሁ አሁን ጀምሩ። ለአንዳንዱ በሦስተኛው ወር ይሆናል፣ ለሌላው በስድስተኛው። አስተባባሪያችሁ ከቸኮለ ይህን ዝርዝር አሳዩት።

1. ቀድሞ ማን እንደሚሠራ ጠይቁ። ከእናንተ በፊት ወንጌል የገባበት ከተማ ሊሆን ይችላል። የሌላውን ሥራ አታፍርሱ።
2. አንድ ሥራ ብቻ ያዙ፤ በአካባቢው አገልጋይ ሥር፣ በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን። ትልቅ ፕሮግራም አትክፈቱ።
3. ለመስማት ሂዱ። ጎረቤታችሁ ምን እንደሚያስጨንቀው ሳታውቁ መልስ አትስጡ።
4. «አልፈልግም» ያለ ሰው ተመልሶ አይንኳኳበትም። ሰላምታ ግን አይቋረጥ።
5. ከሕጻን ወይም ከወጣት ልጅ ጋር ለብቻችሁ በዝግ ክፍል አትቀመጡ። ሁልጊዜ ሌላ ሰው የሚያያችሁ ቦታ ይሁን። ይህ ለልጁም፣ ለእናንተም ነው።
6. የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ አትለጥፉ። በተለይ በእምነቱ ምክንያት ከቤተሰቡ ሊጣላ የሚችል ሰው ከሆነ ፈቃድ ቢሰጥም አትለጥፉ። ላኪዎች «ፎቶ ላኩ» ካሉ የሕንፃውን ላኩ።
7. ሥራ፣ ቪዛ ወይም ገንዘብ አገኝላችኋለሁ ብላችሁ ቃል አትግቡ።

ሰው ካልመጣስ? ጳውሎስ ቆሮንቶስ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጧል፤ ድንኳን እየሰፋ። በስድስት ወር ፍሬ ካልታየ ሰፈሩን አትቀይሩ። ሰዓቱን ቀይሩ፣ ቦታውን ቀይሩ፣ የአካባቢውን ሰው «ምን እየተሳሳትን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ደስ ላይል ይችላል፤ ጻፉት።

## ልመለስ ካላችሁ

ይህን ሐሳብ በመጥፎ ቀን አትወስኑት። ሁለት ሳምንት ስጡት። በእነዚህ ቀናት ደረጃ 8 ላይ ያሉትን ስድስቱን ነገሮች አድርጉ። ከዚያ ምክንያቱን በወረቀት ላይ ጻፉና ለሁለቱ ለምታምኗቸው ሰዎች ላኩ።

ሁለት ሳምንት የማይጠበቅባቸው ሁኔታዎች ግን አሉ፦ ጥቃት ወይም የጾታ ትንኮሳ ከደረሰባችሁ፣ ሰነዳችሁ ከተያዘባችሁ፣ ሕግ እንድትጥሱ ከታዘዛችሁ፣ ሕመማችሁ እዚያ የማይታከም ከሆነ። ያኔ መጀመሪያ ደህና ቦታ ሂዱ፣ ቀጥሎ ለላኪዎች ደውሉ። ፈቃድ መጠየቅ ሳይሆን ማሳወቅ ነው።

መመለሱ ከተወሰነ ኪራዩን በውሉ መሠረት አስቀድማችሁ አሳውቁ፣ ማስያዣውን ተቀበሉ፣ የነዋሪነት ምዝገባ ካለ አሰርዙ፣ ዕዳ አትተዉ። ባለሱቁንም ተሰናበቱት፤ ሳይነገረው የጠፋ ደንበኛ ያሳስበዋል። ለመመለሻው ትኬት የተቀመጠው ገንዘብ አሁን ይወጣል።